የሾላ ሜዳ ገመድ

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሾላ ሜዳ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ መዘርጋት የፈለገ ሰው አስቀድሞ አንጓች ዘንድ ይሄድ ነበር። አንጓች ርዝመቱን ትለካለች፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ ትለካለች፣ ቃጫ ነው ናይለን ወይስ ሽቦ ብላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ቁጥር ትሰጠዋለች። ቁጥር በሌለው ገመድ ላይ ሸሚዝ ያሰጣ ሰው ይጠየቃል። አዋጁ ሲነበብ ሰዉ ሆዱን ይዞ ስቆ ነበር፤ ሦስት ሰው ሲታሰር ግን ሳቁን ዋጠው።

ነገሩን ያመጣችው ዕውሯ ናት። የጦሩን ሄሊኮፕተር ሾላ ሜዳዎች ዕውሯ ነው የሚሏት፣ መስኮት ስለሌላት። አብራሪዎቿ ተዘግቶባቸው ተቀምጠው የሚያዩት ራዳሯ ያየችላቸውን ብቻ ነው። ከፍ ብላም አትበርም፤ ከፍ ካለች ጠላት ያያታል ይባላል። ስለዚህ በጠቆር ሸለቆ ውስጥ ለውስጥ፣ ከወንዙ በላይ ሃያ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ፣ ገደሉን በክንድ ልዩነት እየታከከች ትከንፋለች። ጉም ቢሆን፣ ዶፍ ቢሆን ጉዳይዋ አይደለም። መጣች ሲሉ ሄዳለች።

ታዲያ ዕውሯ የምታምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በራዳሯ ያየችውንና ካርታዋ ላይ የተጻፈውን። ካርታውን የሚጽፉት በየቀበሌው ያሉ እንደ አንጓች ያሉ መዝጋቢዎች ናቸው። በየጣሪያው ላይ «ማዕዘን» የሚባል ነገር ተተክሏል፤ ሦስት ቆርቆሮ እንደ ሣጥን ውስጥ ጥግ ተገጣጥሞ ማለት ነው። ራዳሩ እዚያ ጥግ ውስጥ ሲገባ ተንጥሮ ወደመጣበት ይመለሳል፣ ዕውሯም «እዚህ ጋ ቤት አለ» ትላለች። አንዴ ምልክት ተብሎ ካርታ ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ አይነሳም። የአቶ ዳምጤ ባሕር ዛፍ ከደረቀ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ምልክት ስለሆነ ግን መቁረጥ አይቻልም። በአምስት ባላ ተደግፎ ቆሟል። አቶ ዳምጤ በየዓመቱ የመቁረጫ ማመልከቻ ያስገባሉ፣ በየዓመቱም «ዛፉ እንዳይወድቅ ይጠንቀቁ» የሚል መልስ ይደርሳቸዋል።

አንጓች አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏን ቀብራ አንዲት ልጇን እናኑን ለብቻዋ ያሳደገች፣ ምላሷ ስል፣ ሥራዋን አክባሪ ሴት ናት። ዘወትር ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እስከ ሸለቆው አንገት ድረስ ትወርዳለች። አንገቱ ሸለቆው የሚጠብበት ቦታ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር መቶ ስልሳ ክንድ ቢሆን ነው። እዚያ ቆማ መዝገቧን ታወጣለች። መዝገቡ የመዳፍ ያህል ሰሌዳ ነው፤ «ገመድ በሸለቆው ላይ፦ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ይጠይቃታል፣ እሷም «የለም» የሚለውን በጣቷ ትነካለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳታጓድል «የለም» ብላለች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግን ነበር።

ሾላ ሜዳና ከማዶ ያለችው ዋንዛ በር በአያቶቻቸው ዘመን በግጦሽ ተጣልተው ደም ተቃብተዋል። ያስታረቋቸው ሽማግሌዎች መላ ዘየዱ፤ በአንገቱ ላይ ገመድ ይዘርጋ፣ ከእንግዲህ የሚዳሩ ሙሽሮች በዚያ ገመድ ይሻገሩ አሉ። የልጅቷ ወገን ገመዱን ይለቃል፣ የልጁ ወገን ይስባል። የልጅህን ነፍስ በእጁ ይዞ የሳበ ሰው እንዴት ብሎ ጠላትህ ይሆናል? ገመድ ያልያዘ አማች አይባልም ነበር። በጉም ቀን ድምፅ ስለማይሰማ በገመዱ መነጋገርም ለመዱ፤ አንዴ መጎተት «ይዘናል» ነው፣ ሁለቴ «ሳቡ»፣ ሦስቴ «ቁሙ»።

ዕውሯ ስትመጣ ገመዱ ተከለከለ። በድልድይ ዞሮ መሄድ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ስለሆነ መጠያየቁ ቀረ፣ መዋለዱ ቀረ። ባለፈው ክረምት ወንዙን የተሻገረ አንድ ወይፈን አመካኝተው ድንጋይ ተወራወሩ። አንድ የማዶ ጎልማሳ ዓይኑ ጠፋ። ሽማግሌዎቹ የድሮው ነገር ሊያገረሽ ነው ብለው እንቅልፍ አጡ። እናኑና የዋንዛ በሩ ጌጡ ተዋደው ሊጋቡ ነው ሲባል ግን ሁለቱም ዳር እፎይ አለ። ሠርጉ በገመድ ይሁን አሉ፤ አለዚያ ዕርቁ ዕርቅ አይሆንም።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች አንጓች። «እኔን ጉድ ልትሠሩኝ ነው?»

ድሮ የማሻገሩ ኃላፊ፣ የገመድ አባት የነበረው ታላቅ ወንድሟ አያ ቢምረው ጋቢውን አስተካክሎ ሳቀ። «አንቺ ሴት፣ የገዛ ልጅሽን ሠርግ አንቺው ልትከለክዪ? ሰው ምን ይለናል?»

ይኸው ነው። ሰው ምን ይለናል። አገር ያስተዳደረ ሰው እንኳ ይህችን ጥያቄ መሻገር አቅቶታል፣ አንጓች ማን ናትና! አሰበች፣ አሰላሰለች፣ ቀዳዳ አገኘች። ሐሙስ ሐሙስ ዕውሯ ትታጠባለች፣ ሸለቆው ያርፋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐሙስ ቀን አንድም በረራ አልታየም። ገመዱ ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘረጋል፣ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ማንም አያውቅም። መዝገቡን ደግሞ የምትፈርመው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ያኔ ገመዱ ገና አልተዘረጋም። «የለም» ስትል ታዲያ ምኑ ውሸት ነው?

በጥር ወር የመጀመሪያው ሐሙስ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንገቱ ጋ ቆማ «የለም»ን ነካች። ወቅቱ ከተዛባ ወዲህ ጥርም ጉም አለውና ማዶው አይታይም ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ ሠርገኛው ከበሮውን ይዞ ወረደ። ድግሱን እዚያው ዳር ላይ ነበር የዘረጉት፤ ጠላውም፣ ውሃውም፣ ወጡም አፋቸው በተከፈተ ባለአራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮዎች ተደርድሯል። እናት ገመድ ከዳር እስከ ዳር ተወጠረ። አያ ቢምረው የጠፍር ወንበሩን ሰቀለ፣ እናኑን አስቀመጠ፣ በወገቧ አሰረ። ከፊቷ ማዶዎች የሚስቡት ገመድ፣ ከኋላዋ ደግሞ ሾላ ሜዳዎች እየለቀቁ የሚሸኙት ጅራት ገመድ አለ፤ ጅራቱ በእንጨት ቀለበቶች ከእናት ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይከተላታል።

አንጓች ልጇን ሳመቻት። «ወደ ታች እንዳታዪ፣ እሺ?»

«እማ፣ በዚህ ጉም ታችም ላይም የለ!» ብላ ሳቀች እናኑ። ሙሽራ ድምፅ አታሰማም፣ አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው፤ ይህቺ ግን ከልጅነቷም ዝም በይ የሚሏትን የምትሰማ አልነበረችም።

ገመዱ ሁለቴ ተጎተተ። ማዶዎች መሳብ ጀመሩ። እናኑ ወደ ጉሙ ገባች፣ ነጭ ቀሚሷ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ፣ ጠፋች። እልልታው ቀለጠ። የአንጓች ደረት በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ዘጠኝ ዓመት! ሰው ሁሉ ገመዱን ይዞ፣ እያላበው፣ እየዘፈነ! አያ ቢምረው እንባውን በጋቢው ጠረገ።

ኪሷ ውስጥ ያለው መዝገብ ጮኸ።

አውጥታ አየችው። «ልዩ በረራ። ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ በቀበሌዎ ያልፋል። ሸለቆው ንጹሕ መሆኑን ዛሬ ጠዋት አረጋግጠዋል። እናመሰግናለን።»

ስልኳን አውጥታ ወደ ጦሩ ማዘዣ ደወለች። አስር አለቃ ነገደ የሚባል፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ሰው አነሣ።

«ገመድ አለ! ሸለቆው ላይ ገመድ አለ! መልሷት!»

«እናቴ፣ እዚህ የለም ተብሎ ተፈርሟል።»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ አለ ወይስ የለም?»

«ጠዋት አልነበረም፣ አሁን አለ! ልጄ ላዩ ላይ ናት፣ ሙሽራ ናት! እሰሩኝ፣ ስቀሉኝ፣ ብቻ መልሷት!»

የአስር አለቃው ድምፅ ልስላሴው ጠፋ። «ሸለቆ ከገባች ጆሮዋን ዘግታ ነው የምትበር። እኔም ብሆን፣ ጄኔራሉም ቢሆኑ ልንጠራት አንችልም። ከጠረፍ ሰባት ቁስለኛ ጭናለች። ገመዱ የምንድን ነው?»

«የቃጫ።»

«ቃጫ አታይም። ሰውዋንም ብታይ ወፍ ናት ብላ ታልፋታለች። አሞራ ባየች ቁጥር እየደነገጠች ስላስቸገረች፣ ትንሽና ተንቀሳቃሽ የሆነውን ሁሉ እንድትንቅ ተደርጋለች። የቆመ ነገር፣ የሚያንጸባርቅ ነገር አሳዪያት። ሌላ መላ የለኝም፣ እናቴ። እግዜር ይርዳሽ።»

አንጓች ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ሠርገኛው ሮጠች። ነገሩን በሦስት ቃል ነገረቻቸው። ከበሮው ቆመ። አንዱ «ቁረጡት!» አለ። አያ ቢምረው ዞሮ ሲያየው ቃሉን መልሶ ዋጠው። ሙሽራዋ መሀል ላይ ናት፤ ጉም የጠጣ ቃጫ ደግሞ አብጦ የወንበሩን መንሸራተቻ ይዞታል፣ ወደዚህም ወደዚያም ቶሎ አይሳብም። ከመድረሷ በፊት ዕውሯ ትደርሳለች።

የአንጓች ዓይን የዘይት ቆርቆሮዎቹ ላይ አረፈ። አራት ማዕዘን። አፋቸው ክፍት። ውስጣቸው፣ ከታች፣ አራት ጥግ።

«ማዕዘን!» ብላ ጮኸች። «ድፉት! ጠላውን ድፉት!»

«ጠላውን?» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ከልቡ ደንግጦ።

«ድፉት አልኩ! ወጡንም!»

ያን ያህል ወጥ ሲደፋ ሾላ ሜዳ ዐይታ አታውቅም፤ ውሻው ሁሉ ግራ ተጋባ። ሴቶቹ ቆርቆሮ እያቀበሉ፣ ወንዶቹ በጠፍርና በመቀነት እያሰሩ፣ በሚለቀቀው ጅራት ገመድ ላይ ከእያንዳንዱ የእንጨት ቀለበት ሥር አንድ አንድ ቆርቆሮ ሰቀሉ። «አፉን ወደ ወንዙ ቁልቁል! ወደምትመጣበት! በሁለት በኩል እሰሩት፣ እንዳይዞር!» እያለች አንጓች ትሯሯጣለች። ማዶዎች ምንም ሳያውቁ ሙሽራቸውን ይስባሉ፤ እነሱ ሲስቡ ቆርቆሮዎቹ አንድ በአንድ እየተንኳኩ ሙሽራዋን ተከትለው ጉሙ ውስጥ ይገባሉ። አምስት። ዘጠኝ። አሥራ አራት። አቶ ዳምጤ ሚዜው ሊበላበት የያዘውን የራሳቸውን ትሪ ሳይቀር ነጥቀው አመጡ።

«እማ!» የሚል ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። «ከኋላዬ ምንድን ነው የሚንኳኳው?»

«ጥሎሽሽ ነው! ዝም ብለሽ ተቀመጪ!»

አሥራ ዘጠነኛው ቆርቆሮ ሲሄድ መዝገቡ «ሁለት ደቂቃ» አለ። አያ ቢምረው በእጁ ያለፈውን ገመድ እየገመተ፣ «ሠላሳ ክንድ ቀርቷታል። ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ!» አለ።

አንጓች ገመዱን ያዘች። እጇ ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ ልጇ ከማዶኛው ጫፍ ወደ ሕይወት እየተሳበች ነው። ሠላሳ ክንድ። ቢስቧት ግን አትደርስም፣ ቆርቆሮዎቹም አብረዋት ይንቀሳቀሳሉ። የሚንቀሳቀስ ወፍ ነው። የቆመ ብቻ ነው የሚታመነው።

«አያ፣ አስቁማቸው» አለች።

«አብደሻል? ልጅሽን ገደል መሀል አንጠልጥዬ ልቁም?»

«አስቁማቸው!» እሱ እጁ አልታዘዝ ሲለው እሷው በሁለት እጇ ገመዱን ጎተተች። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። ቁሙ።

ገመዱ ግን ገና ይሳባል። ማዶዎች ምክንያቱን አያውቁም፤ ዓይኑ የጠፋው ጎልማሳም እዚያው ከሳቢዎቹ መሀል ነው። «እነሾላ ሜዳ ምን ሊሠሩን ነው?» ብለው ችላ ቢሉትስ? ድንገት ገመዱ ቆመ። ቀጥ አለ። አያቶቻቸው ያስተማሯቸውን አልረሱም።

አንጓች «ድንግል፣ ድንግል፣ ድንግል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ጠፋት። ዕውሯ ድምጿ ከኋላዋ ነው የሚከተላት። መጀመሪያ የመጣው ነፋሱ ነበር፤ ጉሙ ወደ ወንዙ ሽቅብ ታጥፎ ሸሸ። ሸለቆው ተከፈተ፣ ማዶው ታየ፣ እናኑ ታየች፤ ነጭ ቀሚሷ፣ ከኋላዋ እንደ ዶቃ የተሰካካው የዘይት ቆርቆሮ ሁሉ።

ከዚያ ጥቁር ነገር ከታችኛው መታጠፊያ ወጣች።

አፍንጫዋን ደፍታ፣ ውሃውን እያጨሰች፣ ቀጥታ መጣች። መጣች። አንጓች ዓይኗን ልትጨፍን ፈልጋ አልቻለችም። ሁለት መቶ ክንድ ሲቀራት ዕውሯ አጥር እንደሚዘል ወይፈን አፍንጫዋን ሽቅብ ቀሰረች፣ ሆዷን አሳየች፣ ጮኸች፣ በገመዱ ላይ አለፈች! የክንፏ ነፋስ የድግሱን ድንኳን ነቅሎ ወሰደው። ቆርቆሮዎቹ ሁሉ ባንዴ ተንጫጩ፣ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተርገበገበ፣ ሰዉ መሬት ላይ ወደቀ።

ከዚያ ከሸለቆው መሀል፣ ከጠፍር ወንበሩ ላይ፣ እልልታ መጣ። ረጅም፣ ስል፣ የማያቋርጥ። ሙሽራ በገዛ ሠርጓ እልል ስትል የሰማ ሰው እስከዚያን ቀን አልነበረም። ማዶዎች ተቀበሏት፣ ወዲህ ዳር ያሉት ተቀበሉ፣ ገደሉ ራሱ ተቀበለ። አያ ቢምረው አፈር ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ ያለቅሳል። አንጓች እየሳቀች፣ እያለቀሰች ገመዱን ሁለቴ ጎተተች። ማዶዎች ሳቡ። እናኑ በስምንት እጅ ተይዛ መሬት ረገጠች፤ ከስምንቱ እጅ አንዱ የዚያ ዓይኑ የጠፋው ጎልማሳ እጅ ነበር። ያን ቀን ሾላ ሜዳ ወጥ አልበላም፣ ጠላም አልጠጣም። እንደዚያ ግን ጨፍሮ አያውቅም።

በማግስቱ አንጓች ነጠላና ቅያሪ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ወደ አንገቱ ወረደች። ሊወስዷት እንደሚመጡ ታውቃለች፤ በሥራዋ ቦታ ቢያገኟት ይሻላል። ገመዱን ለማንሣት የደፈረ አልነበረም፣ ቆርቆሮዎቹ ጠል ለብሰው ተንጠልጥለዋል።

መዝገቡን ከፈተችው። አዲስ ጽሑፍ ወጣ፦

«ቋሚ ምልክት፣ ቁጥር አራት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሰባት። ገመድ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ቆርቆሮና ከአንድ ትሪ ጋር። በበረራ ላይ በራዳር ተረጋግጦ በሁሉም ካርታዎች ላይ ሰፍሯል። ማንሣት፣ ማላላትና መቀነስ በሕግ ያስጠይቃል። ጥበቃው የሾላ ሜዳና የዋንዛ በር ነዋሪዎች የጋራ ግዴታ ነው። እናመሰግናለን።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ለአስር አለቃ ነገደ ደወለች።

«እኔንስ መቼ ነው የምትወስዱኝ?»

«በምን ጥፋት?» አለ፤ ፈገግታው በድምፁ ውስጥ ይሰማል። «ማሽኗ አዲስ ግንባታ ነው ብላ መዝግባዋለች። ያየችውን ትጽፋለች፣ የጻፈችውን ማንም አያነሣውም። ቁስለኞቹ ደርሰዋል፣ እናቴ። ሙሽራዋስ?»

«ደርሳለች» አለች አንጓች።

ከኋላዋ የወረዱት አቶ ዳምጤ ነገሩን ሰምተው ከት ብለው ሳቁ። «ተመስገን፣ ባሕር ዛፌ ባልንጀራ አገኘ! ትሪዬ ግን ቀልጦ ቀረ በይኛ!»

አንጓች እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ ነበር። ጉሙ እንደ ትናንቱ ወፍራም ነው፣ ማዶ አይታይም። ገመዱ በእጇ ውስጥ አንዴ ተጎተተ። ማን እንደሆነ አላወቀችም፤ እናኑ ትሁን፣ ጌጡ ይሁን፣ ያ ጎልማሳ ይሁን። ይዘናል ማለት ነው።

እሷም አንዴ ጎተተች። ከዚያ ፌስታሉን አስቀምጣ መዝገቡን አነሣች። «ገመድ በሸለቆው ላይ፦ አለ ወይስ የለም?» ይላል።

በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «አለ» የሚለውን ነካች።